ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ፦ ረጅም የእንግሊዝኛ ሐረግን በአንድ ቃል መተካት

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እንደጀመርኩ ሰሞን ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ አይሆንም የሚል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚለጠፍ። «ለመጠጥ የሚሆን» የሚለውን በአንድ ቃል የሚጨርስ እንግሊዝኛ እንዳለ ከአንድ አስጎብኚ ሰምቼ ነበር። በጆሮዬ የቀረውን ጻፍኩ፦ «ኖት ፖርተብል»። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ እንግዳ በብርጭቆ ውሃ ይዘው ከፎቅ ወረዱ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ይኸው፣ ተሸክሜ አመጣሁት» አሉኝ። ፖርተብል ማለት ይዞ ለመዞር የሚመች ማለት ነው። እኔ የፈለግኩት ፖተብልን ነበር። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ማስታወቂያው ግን ሃያ ክፍል ውስጥ ተለጥፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ ሐረግ የሚተኩ ቃላት እሰበስባለሁ። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ አብረን ነው የምንሰበስበው። እሱ ለፈተና፣ እኔ ለእንጀራ። የምንሠራበትን መንገድ እንዳለ ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በሙሉ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ስፔሊንጉን እናንተው ከዲክሽነሪ ፈልጋችሁ ደብተራችሁ ላይ ታሰፍራላችሁ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው። ፈልገው ያገኙት ቃል ቶሎ አይጠፋም።

መጀመሪያ፦ ከራሳችሁ አፍ ጀምሩ

ፎቶ ኮፒ የተደረገ የቃላት ዝርዝር በየሱቁ ሞልቷል። ቴሌግራም ላይማ አይወራ። እኔም በማትሪክ ዘመኔ አንዱን ሸምድጃለሁ። ሸረሪት ለሚፈራ ሰው፣ ከፍታ ለሚፈራ ሰው፣ ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ሰው ስሙን አወቅሁ። መናኸሪያ ቆሜ ሸረሪት ስለሚፈራ ሰው በእንግሊዝኛ የማወራበት ቀን ግን እስካሁን አልመጣም። ቃሉም ፈተናው ባለቀ በወሩ ተኖ ጠፋ።

ስለዚህ ከዝርዝር አትጀምሩ። ኪስ የምትገባ ደብተር ግዙ። ለአንድ ሳምንት እንግሊዝኛ ስታወሩ፣ ስትጽፉ፣ ወይም በልባችሁ ስትሞክሩ ዙሪያ ጥምጥም የሄዳችሁበትን ቦታ ብቻ መዝግቡ። በአማርኛ መዝግቡት። ቃሉን ለመፈለግ አትቸኩሉ፤ ያ በኋላ ይመጣል።

የእኔ የመጀመሪያ ሳምንት ይህን ይመስል ነበር። ባጃጅ ሊገጨው ስለነበረ ሰው ሳወራ «መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው» ለማለት ተንተባተብኩ፤ ፔዴስትሪያን ነው። ስብሰባው «ወደ ሌላ ቀን ተወሰደ» ለማለት ፈለግኩ፤ ፖስትፖን። የፓስፖርቱ ኮፒ ደብዝዞ «ጽሑፉ ሊነበብ አይችልም»፤ ኢሌጂብል። «ከክፍሉ ዋጋ ጋር የሚመጣ፣ ሌላ ገንዘብ የማይጠየቅበት ቁርስ»፤ ኮምፕሊመንተሪ። «መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ የት እንደሚኬድ የሚያሳይ የጉዞ ዝርዝር»፤ አይቲነረሪ። አምስቱም ዛሬ ድረስ በየቀኑ ሥራ ላይ ናቸው። የተማሪ፣ የነጋዴ ወይም የነርስ ደብተር ሌላ ይሆናል። መሆንም አለበት።

ሁለተኛ፦ አማርኛችሁን መርምሩ

አማርኛ ቃል ቆጣቢ ነው። «ካቻምና» በሉ እስቲ። እንግሊዝኛ «ዘ ይር ቢፎር ላስት» ብሎ አራት ቃል ያወጣል። «መንፈቅ» የምንለውን እነሱ «ሃፍ ኤ ይር» ይሉታል። በሌላ ቦታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኛ ሐረግ እንደረድራለን፣ እነሱ አንድ ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ። ጥሩው ምርት ያለው እዚህ ነው። የእኛን ሐረግ ቃል በቃል እየተረጎምን የምንሰናከለው እዚህ ስለሆነ።

ዝምድና አንዱ ማሳ ነው። «የአጎቴ ልጅ» ለማለት ብዙዎቻችን «ማይ አንክልስ ሰን» እንላለን። ስህተት አይደለም፤ ግን የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁሉም ከዝን ነው። ኔፊውና ኒስ ላይ ደግሞ አስተውሉ። እኛ የምንጠይቀው «የወንድም ልጅ ነው የእህት?» ብለን ነው። እነሱ የሚለዩት ልጁን ነው፤ ወንድ ከሆነ ኔፊው፣ ሴት ከሆነች ኒስ። የወንድም ትሁን የእህት ግድ የላቸውም። ቅጽ ላይ «ስንት እህትና ወንድም አለህ» የሚለው በሲብሊንግ ያልቃል። የልጅ ልጅ ግራንድቻይልድ ነው። ባሏ የሞተባት ዊዶ፣ ሚስቱ የሞተችበት ዊዶወር።

ሰውነትም አለ። የእህቴ ልጅ አዲስ ጫማ ጠቦት «ፊንገር ኦፍ ማይ ፉት» ሲል ሰምቼዋለሁ። የእግር ጣት ቶ ነው፣ አውራ ጣት ታምብ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። እዚያ ዓሣ ሲሠራ ቆማችሁ እዩና የምታዩትን በእንግሊዝኛ ለማውራት ሞክሩ። ልጆቹ የቆሮሶውን ቅርፊት ይፍቃሉ። ቅርፊቱም ስኬል ነው፣ መፋቁም ስኬል ነው። ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ገት የምትል አንዲት ግሥ ናት። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ያነሱታል፤ ፊሌቶ የምንለው፣ እንግሊዝኛው ፊሌት። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ራሰ በራውን አዘንብሎ የሚጣለውን ይጠብቃል። የተጣለና የሞተ ነገር እየለቀመ የሚበላ እንስሳ ስካቬንጀር ይባላል። በአንድ ከሰዓት አራት ቃል፣ ያውም ሽታቸው ጭምር የማይረሳ።

አንድ እንግዳ «ፎርትናይት እቆያለሁ» ቢላችሁ ደግሞ እንዳትደነግጡ። ሁለት ሳምንት ማለቱ ነው። ቃሉ የድሮ እንግሊዝኛ «አሥራ አራት ሌሊት» ተጨምቆ የቀረ ነው። እኛ ለዚያው ጊዜ «አሥራ አምስት ቀን» እንላለን፤ አንድ ቀን እንጨምራለን ማለት ነው። እንግሊዞች በብዛት ይጠቀሙበታል። አሜሪካኖች ግን ሁለት ሳምንት ማለቱ ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ለማን እንደምትናገሩ እዩ።

ሦስተኛ፦ ቃሉን ፈልጉት፣ ከዚያ ተጠራጠሩት

ጎግል ላይ «ዋን ወርድ ፎር ኤ ፐርሰን ሁ» ብላችሁ የቀረውን በቀላል እንግሊዝኛ ጨምሩ። ለቦታ ከሆነ «ኤ ፕሌስ ዌር» ነው። ኦንሉክ የሚባል ድረ ገጽ ትርጉሙን ስትጽፉለት ቃላት የሚደረድር ወደኋላ የሚሠራ መዝገበ ቃላት አለው። ኤአይ መጠየቅም ይቻላል። ሦስቱም ግን ጥቆማ ናቸው። የተጠቆማችሁትን ቃል ካምብሪጅ ወይም ኦክስፎርድ ለተማሪ ባዘጋጁት የኦንላይን መዝገበ ቃላት አረጋግጡ። በነፃ ይታያል፣ ድምፁንም ያሰማል። እኔ ይህችን አንድ ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ ሃያ ማስታወቂያ ባልገነጠልኩ ነበር።

አራተኛ፦ ከነጎረቤቱ መዝግቡት

ወፍራም ወረቀት በመዳፍ ልክ ቁረጡ። በአንዱ ገጽ አማርኛውን ሐረግ ብቻ ጻፉ። በጀርባው ሦስት ነገር፦ ቃሉን ከነስፔሊንጉ፣ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥር ደግሞ ቃሉ የሚምታታበትን ጎረቤት። ዓረፍተ ነገሩን ከዲክሽነሪ አትገልብጡ። «ማይ ከዝን ገትስ ፊሽ አት አሞራ ገደል» ብትሉ ይሻላል።

ሦስተኛዋን መስመር ሰው ሁሉ ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ፖተብል ጎረቤቱ ፖርተብል ነው። ኢሌጂብል የማይነበብ ነው፤ ጎረቤቱ ኤሊጂብል ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟላ። አንድ ተማሪ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ላይ «አይ አም ኢሌጂብል» ብሎ ቢጽፍ «እኔ የማልነበብ ሰው ነኝ» ማለቱ ነው። ፈተና አውጪዎችም እነዚህን ጎረቤታሞች አጠገብ ለአጠገብ ምርጫ አድርገው ማስቀመጥ ይወዳሉ።

አንዳንዱ ጎረቤት በድምፅ ሳይሆን በትርጉም ነው የሚቀርበው። ሐዋሳ ከተማ ሲጫወት ስታዲየም የገባው ሰው ስፔክቴተር ነው፤ ሥሩ በላቲን ማየት ነው። ኮንሰርት ወይም ንግግር የታደመው ሕዝብ ኦዲየንስ ነው፤ ሥሩ መስማት። ካናዳ ሄዶ የቀረው የሰፈራችሁ ልጅ ደግሞ ሁለት ስም አለው። እኛ ከወጣበት ሆነን ስናየው ኤሚግራንት፣ እነሱ ከገባበት ሆነው ሲያዩት ኢሚግራንት። ያው አንድ ልጅ ነው።

በሳምንት አምስት ካርድ ይበቃል። ጥቂት መሰላችሁ? በዓመት 260 ነው። ሃያ ሃያ እያልኩ የጀመርኩባቸው ሳምንታት ሁሉ ረቡዕ ላይ ነው የቆሙት።

አምስተኛ፦ ቃሉን ገንጥላችሁ እዩት

አንዳንዱን ቃል ከፈታችሁት ዘመዶቹን ይዞ ይመጣል። ፔዴስትሪያንን እንመልሰው። መጀመሪያው ላይ ያለው «ፔድ» በላቲን እግር ነው። አማርኛስ? እግረኛ! ከእግር ላይ «ኛ» ጨምረን የሠራነው። ሁለቱም ቋንቋ አንድ ሐሳብ ነው ያሰበው። አሁን ፔዳል ለምን በእግር እንደሚረገጥ፣ የውበት ሳሎኖች ፔዲኪዩር ብለው የሚለጥፉት ለምን ስለ እግር እንደሆነ ገባችሁ። ብዙ እግር ያለው ሴንቲፒድ ስሙ «መቶ እግር» ማለት ነው፤ ብትቆጥሩት ግን መቶ አይሞላም፣ ወይም ያልፋል።

«የማይ» ብለን በምንጀምረው ቃል ሁሉ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። የማይታይ ኢንቪዝብል፣ የማይሰማ ኢንኦዲብል፣ የማይበላ ኢንኤዲብል፣ የማይቀር ኢንኤቪተብል። ፊቱ ላይ «ኢን»፣ መጨረሻው ላይ «ብል»። ታዲያ የማይቻል ለምን ኢምፖሲብል ሆነ? አፋችሁን ጠይቁት። «ን» ከ«ፕ» ፊት ስትቆም ከንፈር ቀድሞ ይገጥምና «ም» ትሆናለች። አንበሳ ጽፈን አምበሳ፣ ወንበር ጽፈን ወምበር የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ አጻጻፉን ብዙ ጊዜ እንተወዋለን፣ እነሱ ስፔሊንጉን ቀየሩት። በ«ል» ፊት ደግሞ «ል» ይሆናል፤ ኢሌጂብል፣ ኢሊጋል። በ«ር» ፊት «ር»፤ የማይተካ ኢሪፕሌሰብል። ይህን ካወቃችሁ ስፔሊንጉ ላይ ለምን ሁለት ኤል ወይም ሁለት አር እንዳለ አትሸመድዱም።

የምወዳት ሌላ ቅጥያ አለች። ቀጣሪ ኤምፕሎየር፣ ተቀጣሪ ኤምፕሎዪ። ጠያቂው ኢንተርቪወር፣ ተጠያቂው ኢንተርቪዊ። አሠልጣኝ ትሬነር፣ ሠልጣኝ ትሬኒ። አድራጊው በ«ር» ያልቃል፣ የሚደረግበት በረጅም «ዪ»። ለሥራ የምታመለክቱ ከሆነ እነዚህን ጥንዶች ማምታታት ያስተዛዝባል። ራሱን ኤምፕሎየር ብሎ የጻፈ አመልካች አይቻለሁ፤ ሥራ ፈላጊው ቀጣሪ ሆኖ መጣ።

«ሳይድ» በሚል የሚያልቁትን ገበሬና የእርሻ መድኃኒት ሻጭ ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል። ፔስቲሳይድ ተባይ፣ ኸርቢሳይድ አረም ይገድላል። ሥሩ መግደል ነው። ሆሚሳይድ ሲሆን ሟቹ ሰው ነው።

ስድስተኛ፦ ተዝካሩን አውጡለት

የረሳነውን ቃል እንደገና ማጥናት ለምን እንደሚጠቅም ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራው አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየፈጠረ በራሱ ላይ ነበር የሞከረው። መጀመሪያ ላይ የሚጠፋው ብዙ ነው፤ አራርቆ መከለስ ግን ያቆየዋል።

አራርቆ የማሰብ ሥርዓት እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ሰውየውን እንዳንረሳው ቀኑ እየራቀ ይታሰባል። እኔ ካርዶቼን የምከልሰው በዚሁ ነው። እናቴ ስትሰማ «ሟርተኛ!» ብላ ተቆጥታኛለች፣ ግን ይሠራል። አማርኛውን ሐረግ አይታችሁ ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉ፣ ከዚያ ገልብጡ። ከሳታችሁ ካርዱ ወደ ሠልስት ይመለሳል። ካገኛችሁት ወደ ሰባት፣ ከዚያ ወደ አርባ ያልፋል። ሰማንያን የተሻገረ ቃል አንዴም አልጠፋብኝም።

መቼ አትተኩ

እዚህ ላይ ብሬክ ያዙ። አንድ ቃል ሁልጊዜ ከሐረግ ይበልጣል ማለት አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ «ፑት ኦፍ» ይላል፤ ፖስትፖን ለደብዳቤ ይሻላል። «ፋይንድ አውት» ለሻይ፣ ኢንቬስቲጌት ለሪፖርት። ለጓደኛችሁ «ቁልፌ የት እንደገባ ኢንቬስቲጌት እያደረግኩ ነው» ብትሉት ፖሊስ የጠራችሁ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል ያለ ርኅራኄ የምትቆርጧቸው አሉ። «ዲው ቱ ዘ ፋክት ዛት» ቢኮዝ ነው። «አት ዚስ ፖይንት ኢን ታይም» ናው ነው። «ሃዝ ዘ አቢሊቲ ቱ» ካን ነው። ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እነዚህን የሚደረድረው ትልቅ ለመምሰል ነው፤ አንባቢው ግን ይሰለቻል።

«ቬሪ»ንም ጠርጥሯት። ቬሪ ታየርድ ኤግዞስትድ ነው፣ ቬሪ ስሞል ታይኒ፣ ቬሪ ሃንግሪ ስታርቪንግ። ከተካችሁ በኋላ ግን ቬሪን መልሳችሁ አትለጥፉባቸው። «ቬሪ ታይኒ» አልፎ አልፎ ይሰማል፣ «ቬሪ ስታርቪንግ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

ሆቴል ለምትሠሩ ደግሞ ይህችን ጨምሩ። እንግዳው ቪጋን ነኝ ካለ የጾም ምግብ አሳዩት፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለበትምና። ዓሣውን ግን እንዳትጨምሩበት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእኛ ተዉልን፤ ቪጋን ዘንድ ክርክር የለም።

ለዛሬ ማታ

አምስት ሐረግ ልስጣችሁ። ሳትፈልጉ ሞክሩ፣ ከዚያ ፈልጉ። «በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው»። «ሁለት ቋንቋ አሳምሮ የሚናገር»። «ስሙን ሳይገልጽ የጻፈ»። «ሁሉም በአንድ ልብ የተስማሙበት ውሳኔ»። «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሳይጨልም ያለው ጊዜ»።

መልሱ፦ አንግለር፣ ባይሊንጉዋል፣ አኖኒመስ፣ ዩናኒመስ። ሦስተኛውና አራተኛው ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንድ ካርድ ላይ ጻፏቸው። ዩናኒመስ ከላቲን ሲፈታ ራሱ «አንድ ልብ» እንደማለት ነው።

አምስተኛው ላይ እኔና የእህቴ ልጅ ተጣላን። ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ ቁጭ ብለን እኔ ትዋይላይት አልኩ፣ እሱ ደስክ። ሰማዩ እየቀላ፣ ጀልባዎቹ እየተመለሱ እኛ ስልክ ላይ ስንፈልግ ሙሉ በሙሉ ጨለመ። ትዋይላይት ጎህ ሲቀድም ይሆናል፤ ደስክ የምሽቱ ብቻ ነው። ለውዙን የገዛሁት እኔ ነኝ።